ሙሴ ነርሲስ እና የኮሶዬው ትራምፔት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው የምሩቃን መገናኛ ስለ ሥራዬ አንድ ጽሑፍ እንድሰጣቸው ሲጠይቁኝ እሺ አልኩ፤ ስቀመጥ ግን ሥራዬ አንድ ገጽ እንኳ የሚሞላ አልመሰለኝም። ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው ልጽፍ ነው። ሰውየው ካረፉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጎንደር አልተማሩም፣ እኛም አላየናቸውም። ይሁንና እኔ ሥራዬን የምሠራበትን መንገድ የቀየሩት እሳቸው ናቸው፤ እንዴት እንደሆነ እንድትረዱልኝ ግን ከራሴ ጥፋት መጀመር አለብኝ።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ ላይ አንዲት ክፍል አለችን። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጭራው የተበጠሰ ማሲንቆ፣ ቆዳው የተቀደደ ከበሮ፣ ቁልፉ የተጣበቀ ኪቦርድ ይመጣል። ሁለት ባለሙያዎች ይጠግናሉ። እኔ እመዘግባለሁ፣ ዕቃ አፈላልጋለሁ፣ እፈርማለሁ። የተማርኩት ማኔጅመንት እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ድምፄም ቢሆን ለማኅበር መዝሙር እንኳ ከኋላ ረድፍ የሚያስቆመኝ ነው። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የማይጠገን ዕቃ ተለይቶ እንዲወገድ ትእዛዝ መጣ። በአንድ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ከደርግ ዘመን የኪነት ቡድን የተረፉ የነሐስ መሣሪያዎች ነበሩ፦ 7 ትራምፔት፣ 2 ትሮምቦን፣ 2 ባሪቶን። ትራምፔቶቹን አንድ በአንድ አፌ ላይ አድርጌ ሞከርኳቸው። ትንፋሼ ግድግዳ የገጨ ይመስል ተመልሶ ፊቴ ላይ ቀረ። አንዳቸውም አልነፋ አሉ። ባለሙያዎቹ በዚያ ሳምንት ለሌላ ሥራ ደባርቅ ነበሩ፤ ቀኑ ደግሞ አልቋል። 11ዱንም አይጠገኑም ብዬ ፈረምኩ። ነሐሱ በኪሎ ተሸጠ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ትራምፔት ዘግይቶ መጣ። ከዚያው መጋዘን ነው፤ አንድ ልጅ ቤቱ ወስዶት ስለነበር ከሽያጩ አመለጠ። እሱም አይነፋም። ባለሙያችን ክዳኖቹን ፈትቶ ሦስቱን ፒስተኖች ሳብ ሳብ አደረጋቸውና ሳቀ። እያንዳንዱ ፒስተን ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ 1፣ 2፣ 3። የአንደኛው ቤት ውስጥ ሦስተኛው፣ የሦስተኛው ውስጥ አንደኛው ገብቷል። የፒስተኑ ቀዳዳዎች ከቱቦው ቀዳዳዎች ጋር ካልገጠሙ አየር ማለፊያ የለውም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ወደየቤታቸው መለሳቸው፣ ጠብታ ዘይት ጨመረ፣ ነፋው። ነገሩ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ስናጣራ አንድ ትጉህ ተማሪ ለበዓል ሰልፍ ብሎ ሁሉንም ትራምፔቶች ፈትቶ በሳሙና አጥቧቸው ኖሯል። ቁጥር እንዳላቸው የነገረው አልነበረም። እንግዲህ ከ7ቱ ስንቱ ጤነኛ እንደነበር እናንተው ገምቱ።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እነዚህ የነሐስ ዕቃዎች መጀመሪያ እንዴት አገራችን እንደገቡ፣ ማን ሲያስተምርባቸውና ሲንከባከባቸው እንደኖረ ማንበብ ጀመርኩ። ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያንን ያገኘኋቸው እንደዚያ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው፤ የሰውየው ሕይወት ከአንድ አገር በላይ ስለሆነ።)

ታሪኩ ከእሳቸው ይቀድማል። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ለአጼ ምኒልክ 40 ያህል የነሐስ መሣሪያዎች ላኩ። የሚያስተምር ሰውም አብሮ መጣ። የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ጅማሬ ይህ ነው። መሣሪያ መስጠት ለሰጪው ቀላል ነው። ትልቁ ጉዳይ ከዓመት በኋላ ሞላው ሲሰበር፣ ቱቦው ሲዛግ፣ ፒስተኑ ሲደርቅ ማን ያየዋል የሚለው ነው። እኔ በሦስት ዓመት ተኩል የሥራ ጊዜዬ ብዙ የተለገሰ መሣሪያ ተቀብያለሁ፤ አንድም ቀን ከመሣሪያ ጋር የፒስተን ዘይት የላከልን ለጋስ የለም።

ሁለተኛው አርባ የመጣው ከኢየሩሳሌም ነው። በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ባደረጉት ጉዞ ቅድስት አገርን ጎበኙ። እዚያ የአርመን ገዳም ውስጥ ከታላቁ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ይኖሩ ነበር። ልዑሉ 40 ልጆች መርጠው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡና የመንግሥት የሙዚቃ ባንድ እንዲሆኑ ተስማሙ። ልጆቹ ጳጉሜ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ገቡ፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 መሆኑ ነው። ከተማው አርባ ልጆች አላቸው፤ ስሙም እንደዚያው ቀረ። መምህራቸው ሆነው አብረው የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ በ1887 አይንታብ በምትባለው፣ ዛሬ ጋዚአንቴፕ ተብላ በቱርክ ውስጥ ባለችው ከተማ የተወለዱ፣ ከራሳቸው ከተማ ተነቅለው የወጡ ሰው።

አርባ የሚለው ቁጥር በእኛ ዘንድ ባዶ ቁጥር አይደለም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ለሞተም ሰው በአርባ ቀኑ ተዝካር ይወጣለታል። ልጆቹ አርባ ሆነው ሲገቡ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሳያስብ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

የልጆቹ ውል አራት ዓመት ነበር። ሲያልቅ ገሚሱ ሄደ፣ ገሚሱ ቀረ። ሙሴ ኬቮርክ ቀሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሙሴ የምንለው የውጭ ዝርያ ያለውን ወንድ ስናከብረው ነው፤ ለባለ ሱቁም፣ ለመካኒኩም፣ ለሙዚቃ አስተማሪውም እንላለን። ሙሴ ኬቮርክ ማርሽ ተፈሪ የሚባለውን የዘውዱን የክብር መዝሙር ዜማ ደረሱ። ግጥሙ የደብረ ኤልያሱ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔን የትያትርና የግጥም ሰው ብለን እናውቃቸዋለን፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን መዝሙር ያስጠኑና ትያትር ያሠሩ እንደነበር ግን እንረሳለን። ያ መዝሙር በኖቬምበር 1930ው የንግሥ በዓል ከተሰማ ጀምሮ እስከ ዘውዱ መጨረሻ ድረስ በየትምህርት ቤቱ ሰልፍ ተዘምሯል። ከእኛ የምሩቃን ማኅበር አንጋፋ አባላት መካከል ጧት ጧት ቆማችሁ የዘመራችሁት ብዙ ናችሁ። ዜማውን የሠራው ከአይንታብ የተሰደደ ሰው መሆኑን ያወቃችሁ ግን ጥቂት ትመስሉኛላችሁ። እኔም አላውቅም ነበር።

ነርሲስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው። በ1915 አይንታብ ተወለዱ። ዓመቱ ለአርመን ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቤተሰቡ ተነቅሎ ሶርያ፣ አሌፖ ገባ፤ ነርሲስም ያደጉት እዚያ ነው። ሙዚቃውን የተማሩት በአብዛኛው በራሳቸው ጥረትና ከዘመድ ነው። ብዙ ዓይነት መሣሪያ ይጫወታሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ 1930ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ወደ አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን ሳይለቁ በ1977 አዲስ አበባ አረፉ። ወደ አርባ ዓመት ይጠጋል፤ ሦስተኛው አርባ እንበለው።

ከነፃነት በኋላ የነበረው አዲስ አበባ ባንድ በባንድ የሆነበት ጊዜ ነው። ክቡር ዘበኛ ባንድ አለው፣ ጦሩ አለው፣ ፖሊስ አለው፣ ማዘጋጃ ቤቱም አለው። ሙሴ ነርሲስ በ1946 የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ መምራት ያዙ። ከማርሽ ወደ ዘመናዊ የዳንስ ሙዚቃ የተሸጋገረ፣ ሳክስፎንና ትሮምቦን ጎን ለጎን የሚሰለፉበት ኦርኬስትራ ነው። እንዲህ ያለ ባንድ የሚመራ ሰው ሥራ ዱላ ማወዛወዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለያንዳንዱ ተጫዋች ኖታ በእጅ መጻፍ አለ። ኖታ የማያነብ ካለ ማስተማር አለ። የአንዱ ክላርኔት ፓድ አየር ካሳለፈ ሌላው ሁሉ ቢስተካከል ከንቱ ነው።

ስለ ፓድ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የኛ ክፍል ግማሽ ሥራ እሱ ነው። የክላርኔትና የሳክስፎን ቁልፍ ሥር ያለችው ክብ ለስላሳ ትራስ ፓድ ትባላለች፤ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጋ የምትዘጋው እሷ ናት። የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ካለች መሣሪያው ይንተባተባል። ባለሙያችን የሚፈትሸው በሲጋራ ወረቀት ነው። ቀጭን ወረቀት ፓዷ ሥር ያስገባል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ቀስ ብሎ ይስባል። ወረቀቱ ያዝ ካላደረገ በዚያ በኩል ያፈሳል ማለት ነው። ዙሪያውን አምስት ስድስት ቦታ ይሞክራል። ለዚህ ሥራ ማሽን አልገዛሁም፤ የሲጋራ ወረቀት ግን በደረሰኝ ገዝቼ ሂሳብ ክፍሉን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ሌሎቹ መሣሪያዎቻችን ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስታኞ፣ ሞላ ናቸው። ስማቸው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ወራሪው ሄዶ ስሙ ጋራዣችን ውስጥ ቀረ።

ወደ ሙሴ ነርሲስ ልመለስ። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ከትልልቆቹ ሥራዎቻቸው ጎን የነበረው ነው፦ ፒያኖ ይቃኙ ነበር። ያከራዩም ነበር። የአገሪቱ ትልቁ የቲያትር ኦርኬስትራ መሪ፣ ዜማ ደራሲ፣ የመዘምራን አሠልጣኝ፣ ቁልፍ ይዞ የሰው ሳሎን ውስጥ ፒያኖ ሥር የሚያጎነብስ።

ፒያኖ መቃኘት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ለማላውቀው፣ እንዲህ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፍ ቢኖረውም ውስጡ ከ200 በላይ ጅማቶች አሉ፤ ለአብዛኛው ድምፅ ሦስት ሦስት ጅማት ስለሚመታ። ሁሉም ተወጥረው የብረት ፍሬሙን የሚስቡበት ኃይል ሲደመር ከ15 ቶን ይበልጣል። ቃኚው መጀመሪያ አንድ ድምፅ ያስተካክላል፤ በሴኮንድ 440 ጊዜ የምትርገበገበዋን ላ። ከዚያ ከእሷ ተነስቶ በአምስተኛ እየዘለለ ሌሎቹን ያገኛል። ነገር ግን አምስተኛዎቹን ሁሉ ለጆሮ ፍጹም እስኪሆኑ ካስተካከላቸው ዙሩ ሲዘጋ አይገጥምም፣ መጨረሻ ላይ ትርፍ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱን አምስተኛ በጣም ጥቂት፣ የግማሽ ድምፅ አንድ ሃምሳኛ ያህል፣ ያጠብበዋል። ሆን ብሎ ትንሽ ያበላሻቸዋል እንበል፤ ሁሉም እኩል እንዲያጡና ማንም እንዳይጮህ። ይህን የሚሰማው ጆሮ ሁለቱ ድምፆች ሲገናኙ የሚፈጥሩትን የመወዛወዝ ምት ይቆጥራል።

እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው የኢትዮጵያን ቅኝት ሲሰማ ምን አሰበ? ይህ የእኔ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በሥራቸው ውስጥ ነው ያለው። ማሲንቆና ክራር እንደ ፒያኖ አይቃኙም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፍበት የተሰመረ ቦታ የለም፤ አንዲቷን የፈረስ ጭራ የሚያስተካክላት ለራሱ ድምፅ እንደምትመች አድርጎ ነው። ከዚያም የአራቱ ቅኝቶች ጉዳይ አለ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ትዝታ ለፈረንጁ ኅብረ ድምፅ ብዙ አያስቸግርም፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል አለው። አንቺ ሆዬን ግን በዶ ጀምራችሁ ብትደረድሩት ሚም ሶልም የለውም። የተለመደው የሦስት ድምፅ አኮርድ መቆሚያው ተነጥቋል። ታዲያ 15 ሰው የሚነፋበት ኦርኬስትራ እንዴት ያጅበው?

በኖቬምበር 1955 የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ፤ የአሁኑ ብሔራዊ ቲያትር። በመክፈቻው የታየው የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን ነው። ኦርኬስትራውን መጀመሪያ የመሩት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ነበሩ፣ በ1956 ሙሴ ነርሲስ ተተኩ። የዕድሜያቸው ዋና ሥራ የተሠራው እዚያ ነው። የአገር ቤት ዜማዎችን ወስደው ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀነባበሩ። ቅኝቱን ሰብረው ወደ ፈረንጅ አላመጡትም። ኖታቸውን ከነቅጂው የተጫወቱ ሙዚቀኞች የሠሩትን ስሰማ የሚታየኝ፣ ዜማው በአምስቱ ድምፆቹ ላይ ቆሞ ነሐሱ ከሥሩና ከጎኑ እየመለሰለት፣ አንዳንዴም ኅብሩን ትቶ አብሮት እየዘመረ መሄዱ ነው። የእኔ ጆሮ የባለሙያ ጆሮ አይደለም፤ ግን ዜማውን ሳያጠፉ ከባድ ልብስ አለበሱት ብል የምሳሳት አይመስለኝም። በኋላ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓለም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ብሎ ያወቀው የነሐስ ድምፅ መሠረት የተጣለው በእንዲህ ያሉ የመንግሥት ኦርኬስትራዎች ውስጥ ነው።

ትምህርት ቤቱን አልተዉም። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። የያሬድ ትምህርት ቤት ሥራ ጀምሮ ስሙን ሲያገኝ የእኛም ተቋም ገና ልጅ ነበር፤ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲከፈት የጤና መኮንኖቹ ባላቸው መሣሪያ ገጠር ወርደው እንዲያክሙ ነበር የሚሠለጥኑት። እነዚያ አንጋፋዎቻችን ጥገና ክፍሌን ቢያዩ ኖሮ ነገሩ ወዲያው ይገባቸው ነበር። በሽተኛውን ሳይመረምር የሞት ወረቀት የፈረመ የጤና መኮንን ምን ይባል እንደነበርም ያውቁታል።

ቅዱስ ያሬድ እንግዲህ የእኛው ጎረቤት ነው። ጉም ባልወረደበት ጧት ከኮሶዬ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚያይ ሰው የስሜን ተራራዎች ይታያሉ። በትውፊቱ እንደምናውቀው ያሬድ በአጼ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ዘማሪውም ንጉሡም ዜማው ወስዷቸው ስለነበር ደሙ እስኪፈስ አላወቁም። ንጉሡ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ሲሉት ስሜን ሄዶ እንዲመንን ለመነ፤ በዚያም ኖሮ አረፈ። ስሙ ግን አዲስ አበባ ላይ ፒያኖና ቫዮሊን የሚማሩበት ቤት መጠሪያ ሆነ። ከደባርቅና ከዳባት ልጆች ተመርጠው እዚያ ሲገቡ አያለሁ፤ ስሙ ወደመጣበት እየሄዱ ነው ወይስ ከመጣበት እየራቁ እላለሁ አንዳንዴ።

1963 ለናልባንዲያኖቹ የደስታም የኀዘንም ዓመት ነው። በሜይ ወር 30 ያህል የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ ሙሴ ነርሲስ ለድርጅቱ መዝሙር ሠርተዋል። አገር ከሌለው ቤተሰብ የተወለደ ሰው ለአንድ አህጉር መዝሙር ሲሠራ ማየት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እኔ ልገልጸው አልችልም። በዚያው ዓመት አጎታቸው ሙሴ ኬቮርክ አረፉ። ባለ ዜማው አዲስ አበባ ተቀበሩ፣ ማርሽ ተፈሪ ግን ገና 11 ዓመት ያህል በየጧቱ ይዘመር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አጭር አደርገዋለሁ። በ1974 አብዮት መጣ። ቲያትሩ ስሙ ተቀየረ። መዝሙሩም ተቀየረ። የሰዓት እላፊ ገባ። ሙሴ ነርሲስ በ1977፣ ከተማዋ ክፉኛ በተጨነቀችበት ዓመት፣ በ62 ዓመት ገደማ አረፉ።

የቀረው ወረቀቱ ነው። በእጅ የጻፏቸው ኖታዎች ተጠብቀው ቆዩ። አስርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ኢይዘር ኦርኬስትራ የሚባለው የቦስተን ከተማ ባንድ ከእነዚህ ኖታዎች አንስቶ ተጫወታቸው፣ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ቅጂዎች በ32ኛው ቅጽ ታትመው ወጡ። ያን ቅጂ ኮሶዬ ላይ በስልኬ ነው የሰማሁት፤ ባለሙያዎቻችን ሥራቸውን አቁመው ሰሙ። ትራምፔቶቹ ሲገቡ ማንም ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን ወደ መደርደሪያው አየሁ፤ ሰባት ትራምፔት ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ኪቦርድ ተደርድሯል።

ሰዎች ሙሴ ነርሲስን ሲያነሱ ስለ ቅንብራቸው ይናገራሉ፣ ተገቢም ነው። እኔ የምቀናባቸው ግን በሌላ ነው። የሚያቀናብር፣ የሚያስተምር፣ የሚጠግንና የሚቃኝ ሰው ስለሆኑ፣ አንድ መሣሪያ ዝም ሲል ዝም ያለበትን ምክንያት ሳያገኙ ፊርማ የሚያኖሩበት መንገድ አልነበራቸውም። እኔ መዝገብ ብቻ ነበረኝ። አይነፋም የሚለው ቃል መዝገቤ ላይ ምርመራ ይመስለኝ ነበር፤ የምልክት ስም ብቻ እንደሆነ የተረዳሁት ነሐሱ በኪሎ ከተሸጠ በኋላ ነው።

መዝገቡን ቀይሬዋለሁ። አሁን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሞሉ መስመሮች አሉ፦ ፒስተኖቹ በቁጥራቸው ገብተዋል ወይ፣ የውኃ ማስወጫው ይዘጋል ወይ፣ የክላርኔቱ መጋጠሚያ ቡሽ ደርቋል ወይ፣ የቫዮሊኑ ውስጠኛ ምሰሶ ቆሟል ወይ። የመጨረሻው የገባው አንድ ቫዮሊን አራቱንም ጅማት በአንድ ጊዜ አውልቀንበት ምሰሶዋ ስለወደቀች ነው። ለበገና ደግሞ እንዚራዎቹ ማለትም በጅማቱና በመቀመጫው መካከል የሚገቡት ቁራጭ ቆዳዎች በቦታቸው አሉ ወይ የሚል መስመር ጨምሬያለሁ፤ እነሱ ከሌሉ በገና ያን የሚንዘረዘር ድምፁን ያጣል። አንድ ትምህርት ቤት ተሰብሯል ብሎ የላከልን በገና ምንም አልሆነም ነበር፤ አንድ አስተማሪ ቆሻሻ መስሎት ቆዳዎቹን ጠርጎ ጥሏቸው ነው። ሁለት ባለሙያዎች ሳያዩት ምንም ዕቃ አይወገድም። እኔ ሦስተኛ ፈራሚ ነኝ። ትእዛዙን ያወጣው መሥሪያ ቤት ይህ ጊዜ ይፈጃል ብሎ ጽፎልኛል፤ መልስ ጽፌያለሁ፣ ገና አልተመለሰልኝም።

ትራምፔቶቹን ያጠበው ልጅ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ ስጠራው ተቀጣሁ ብሎ ነበር የመጣው፤ እናቱንም ይዞ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ ለእናትየው ማስረዳት አስቸገረኝ፤ እሳቸው ሰባት ትራምፔት ስንት በግ እንደሚያወጣ እያሰሉ ነበርና። ዛሬ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይመጣል። ፒስተን ያወጣል፣ በለብታ ውኃ ያጥባል፣ ቁጥራቸውን እያየ ይመልሳል። ለትናንሾቹ ልጆችም እሱ ነው የሚያሳያቸው። ከሽያጩ ያመለጠችውን ትራምፔት የሚነፋትም እሱ ነው።

ኮሶዬ ጧት ብርድ ነው፣ በብርድ ደግሞ ነሐስ ድምፁ ዝቅ ይላል። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር እስኪሞቅ ከኪቦርዱ ጋር አይገጥምም። ባለፈው ቅዳሜ አብረው ሊለማመዱ ሲሉ ልጁ ነካ አድርጎ ሰማት፣ ፊቱን አጨማደደ፣ የቅኝት ቱቦዋን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋት፣ ደግሞ ሰማት። ሁለተኛ ገፋት። ከዚያ ለኪቦርዱ ተጫዋች ራሱን ነቀነቀለት።

ለመገናኛው ቀን ወደ ጎንደር ይዣቸው ለመምጣት መኪና እያፈላለግሁ ነው።